ሁለገብ ፈረሰኛ ማለት ዘላይ ብቻ ነው እንዴ?

ወንድሜ፣ «በኢቨንቲንግ ምርጥ የሚባለው ዝላይ ላይ የሚበልጠው ነው አይደል?» ብለህ ጠይቀሃል። በእኔ እይታ አይደለም።

ኢቨንቲንግ ማለት ሦስት የፈረስ ውድድር ነው፤ በአንድ ፈረስ። መጀመሪያ ድሬሳዥ፣ ማለትም ፈረሱ ተረጋግቶ የሚታዘዝበት። ከዚያ አገር አቋራጭ፤ ግንዱ፣ ቦዩ፣ ውሃው። መጨረሻ ላይ የሜዳ ዝላይ፤ አንድ እንጨት ከጣልክ 4 የቅጣት ነጥብ ነው።

ሰው የሚለየው አገር አቋራጩ ላይ ነው። ፈረሱ አንዴ እምቢ ካለ 20 ነጥብ ትቀጣለህ። ከተፈቀደው ሰዓት ካለፍክ ደግሞ በየሰከንዱ 0.4። ስለዚህ መቸኮልም መፍራትም ያስከፍላል።

ባለፈው ጃንሜዳ አንድ ጎረምሳ ሲጋልብ አየሁ። ጉድጓድ ጋ ሲደርስ ልጓሙን አልጎተተም። ወገቡን ቀና፣ እጁን ላላ አደረገ። ፈረሱ ራሱ እርምጃውን አሳጥሮ አለፈ። የምልህ ይሄንን ነው። ድሬሳዥ ላይ የምታየው ዝምታ ግንዱ ፊት ስትደርስም አብሮህ ካለ፣ ፈረሰኛ ነህ።

ማስረጃ ከፈለግክ ጀርመናዊውን ሚካኤል ዩንግን እይ። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2016 ሳም በሚባል ፈረስ የኦሎምፒክ የግል ወርቅ ወሰደ። በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ በሌላ ፈረስ፣ በቺፕመንክ ደገመው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? ሳም ጎበዝ ነበር፤ ሦስተኛው ወርቅ ግን ያለ ሳም ነው የመጣው።