ከአያቴ የቀረው ባለ ሦስት ድርብ ሣጥን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አያቴ ስታርፍ አንድ የፖርሴሊን ዕቃ ደረሰኝ። ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ሣጥኖች ተደራርበው፣ ማንጠልጠያ ባለው የእንጨት መያዣ ውስጥ ይገባሉ። ቀለሙ ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቃማ ነው። ክዳኑ ላይ ሽመላና ኤሊ አሉ። ከሥሩ ስድስት ፊደላት ተጽፈዋል። አንድ ነጋዴ አይቶ «የቻይና ነው፣ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል» አለኝ። ታችኛው ሣጥን ስለተሰነጠቀ ግን ክዳኑንና ላይኞቹን ሁለቱን ብቻ ልግዛሽ ይላል። ልሽጥለት? ሥዕሎቹስ ትርጉም አላቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። በፍጹም ነጣጥለሽ እንዳትሸጪ! ምክንያቱ ራሱ ሥዕሉ ላይ አለ።

ላይኛው ሣጥን የፕሪም አበባ፣ መካከለኛው ቀርከሃ፣ ታችኛው ጥድ ተሥሎበታል። ዕቃሽ የቻይና ሳይሆን የጃፓን ነው፤ ጃፓኖች ደግሞ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ነው የሚሥሏቸው። ጥድ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። ቀርከሃ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ፕሪም ደግሞ በረዶው ሳይጠፋ ያብባል። ክፉ ቀን የማይጥላቸው ናቸው። ነጋዴው ጥዱን ትቶ ሁለቱን ልውሰድ ማለቱ ምርቃቱን ከመሃል መቁረጥ ነው።

ሽመላ ያልሻት ክሬን የምትባል ወፍ ናት፤ አናቷ ላይ ያለውን ቀይ ልብ በይ። በጃፓኖች አባባል ክሬን ሺህ ዓመት፣ ኤሊ አሥር ሺህ ዓመት ይኖራሉ። ክዳኑ «ዕድሜ ይስጣችሁ» ይላል ማለት ነው።

ዕቃው ጁባኮ ይባላል። የኛ አገልግል በይው። አበባ ለማየት ወደ ሜዳ ሲወጡ ምግብ ይዘውበት ይሄዳሉ፤ ለአዲስ ዓመትም የበዓሉን ምግብ ይደረድሩበታል። መደራረቡ ራሱ በረከት በበረከት ላይ ይጨመር የሚል ምኞት ነው። ከምግቡ መሃል ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባህር እንስሳ አይጠፋም። ጀርባው ጎባጣ ስለሆነ፣ «ወገባችሁ እስኪጎብጥ ኑሩ» ለማለት ነው። እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ።

ፊደሎቹ ነጋዴውን አሳስተውታል። የተጻፈው ከ1464 እስከ 1487 እ.ኤ.አ. ቻይናን የገዛው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ የቼንግኋ ዘመን ስም ነው። የጃፓን ሠሪዎች ግን የቻይናን ሙያ ስለሚያከብሩ ይህን ምልክት በራሳቸው ዕቃ ላይ ይጽፉት ነበር። ያንቺው በኪዩሹ ደሴት፣ በአሪታ የተሠራ ነው። አሪታ ደግሞ ፖርሴሊን መሥራት የጀመረችው በ1600ዎቹ መጀመሪያ፣ ከኮሪያ በተወሰዱ ባለሙያዎች እጅ ነው። ዕቃው የሚጫነው በኢማሪ ወደብ ስለነበር ኢማሪ ተባለ። ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቅ አንድ ላይ ስታዪ እሱን አስቢ። ያንቺው በአሠራሩ የ1800ዎቹ ይመስለኛል።

እንዴት ድሬ ደረሰ ብለሽ አትገረሚ። ባቡሩ ከጅቡቲ እናንተ ጋ የገባው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ በሐረሪ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተደረደረውን የባህር ማዶ ሳህን ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

አሁን ስለ አያያዙ። ሰማያዊው ከአንጸባራቂው ልባጥ ሥር ስለሆነ አይለቅም። ቀዩና ወርቁ ግን ከላይ ተቀብተው፣ በዝቅተኛ ሙቀት እንደገና የተተኮሱ ናቸው። በረኪና ወይም ሽቦ ከነካሽበት ወርቁ ይሄዳል። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ አጽጂው። ሣጥኖቹ እንዳይፋጩ በመሃላቸው ስስ ጨርቅ አድርጊ። ምግብ አታቅርቢበት፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ሎሚና ቲማቲም ደግሞ ያወጡታል። በእንጨቱ ማንጠልጠያም አታንሺው፤ ከሥር ደግፈሽ ያዢ።

የተሰነጠቀውን ሣጥን በሱፐር ግሉ እንዳትነኪው። ስንጥቁ ወደ ውስጥ ካላለፈ እንዳለ ይቀመጥ። ካለፈ ግን ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ያኔ ጥገናውን እንነጋገራለን። መሸጥ ካማረሽም ሦስቱንም ከነክዳኑና ከነመያዣው የሚወስድ ገዢ ጠብቂ።