የጨው ውሃ ዓሣችሁ ነገረ ስራው ግራ ገባችሁ? ጠይቁ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

እሺ ወገን ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ፣ ጣሉት እመልሳለሁ። የውሃውን ሙቀት፣ የጨዉን መጠንና ዓሣው እንዴት እንደሚተነፍስ አብራችሁ ጻፉ እንጂ "ዓሣዬ ከፋው" ብቻ አይሰራም ሃሃ

ጥ፦ (ሆጤ) ወንድሜ ክላውንፊሼ ማታ ማታ ጥግ ይዞ በጎኑ ይጋደማል፣ ሊሞት ነው እንዴ?

መ፦ አብሽር፣ ተኝቶ ነው። ክላውንፊሽ አተኛኘት አያውቅበትም። ጠዋት ተነስቶ ከበላ ተወው፣ ካልበላ አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻ ውሃው ውስጥ የሚጠራቀመውን መርዝ) ለካ።

ጥ፦ ትንሹ ክላውንፊሽ ደግሞ ትልቁ ሲጠጋው ይንቀጠቀጣል?

መ፦ "እሺ እመቤቴ" እያላት ነው። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት፣ ከሁለቱ አለቃ የሆነው ሴት ይሆናል። ክንፉን ካልቀደደችው አትለያቸው

ጥ፦ (ፒያሳ) መብራት ጠፍቶ ካደረ በኋላ ሁሉም አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ መድኃኒት ልጨምር?

መ፦ ኧረ በፍጹም! አየር አጥሯቸው ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል ስለዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዛው ልክ ያንሳል፣ የጨው ውሃ ደግሞ ድሮም ከተራው ውሃ ያነሰ ነው የሚይዘው፣ ፓምፑ ሲቆም በቃ አለቀ። አሁኑኑ በጆግ እየቀዳሽ ከላይ መልሰሽ አፍስሺ፣ መብራት ሲመጣ የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙሪው ውሃው ይናጥ፣ ለሌላ ጊዜ በባትሪ የሚሰራ ኤርፓምፕ (አየር መንፊያ) ያዢ። በርዷቸው ነው ብለሽ ሂተሩን እንዳትከምሪባቸው፣ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ውሃው እየተናጠም ካለከለኩ ግን አሞኒያ ነው ወይ የስንጥባቸው በሽታ ነው፣ ያኔ ለክተሽ ተመለሺ

ጥ፦ (ኮምቦልቻ) ቢጫው ታንግ ድንጋይ ላይ ይታከካል፣ ጨው የመሰለ ነጠብጣብ ወጥቶበት ነበር አሁን ግን ጠፋ፣ ዳነ ማለት ነው?

መ፦ አልዳነም፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ክሪፕቶካርዮን የሚባል ጥገኛ ነው፣ ከዓሣው ላይ ይወርድና አሸዋው ውስጥ ተራብቶ በብዛት ይመለሳል። ዓሦቹን በሙሉ ሌላ ገንዳ አውጥተህ በመዳብ መድኃኒት አክማቸው፣ መጠኑን በቴስት እየለካህ። ኮራልና ሽሪምፕ ያለበት ዋና ገንዳ ውስጥ መዳብ ጠብ እንዳታደርግ ይጨርሳቸዋል። ዋናው ገንዳ ሁለት ወር ተኩል ያህል ያለ ዓሣ ይቆይ። ያማል አውቃለሁ ግን አቋራጭ የለውም

ጥ፦ የኔ ታንግ ማታ ጎኑ ላይ ነጭ ይወጣዋል

መ፦ የሌሊት መልኩ ነው፣ ሲነጋ ይመለሳል

ጥ፦ በአፍዴራ ጨው መስራት አይቻልም? ደጃችን ነው እኮ

መ፦ እሱ ለወጥ ነው 😂 ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ በባህሩ ልክ የተመጠነ የአኳሪየም ጨው ነው የሚያስፈልግህ፣ የውሃው ክብደት ከንጹህ ውሃ አንጻር ሲለካ 1.025 አካባቢ ይሁን

ጥ፦ (ሸዋ በር) አዲስ የገዛሁት ሬስ የሚባለው ዓሣ ከትናንት ጀምሮ የለም!

መ፦ ብዙዎቹ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ነው የሚተኙት፣ አዲስ ሲሆኑ ቀናት ሊቆዩ ይችላሉ፣ እንዳትቆፍሪ። ገንዳው ክዳን አለው ግን? ከሌለው ዘሎ ወጥቶ ይሆናል፣ ሶፋው ስርም እይ