ለእግር እብጠት የታዘዘው ኪኒን

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ትወስዳለች። መጠኑ ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ ካለ በኋላ እግሯ አበጠ። ሌላ ክሊኒክ ወሰድናትና ላሲክስ የሚባል ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ታዘዘላት። አሁን ሌሊቱን ሽንት ቤት ስትመላለስ ታድራለች። እንቅልፍ አጣሁ ስትል አሚትሪፕቲሊን ጨመሩላት። በቀደም ለሊት ተነስታ ወደቀች። ለጉልበቷ ሕመም ደግሞ ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ እየገዛን እንሰጣታለን። የትኛውን ብናስቆማት ይሻላል?
ልጇ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ ማዘዣ ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አምሎዲፒኑን ነው። ቁርጭምጭሚት ማሳበጥ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ ይብሳል። ትንንሽ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ፈሳሽ ወደ እግር ይሰርጋል። ላሲክስ ለእንዲህ ያለው እብጠት እምብዛም አይረዳም፤ ትርፉ ሽንት ማመላለስ ነው። በእርግጥ ልብና ኩላሊትም እግር ያሳብጣሉ፤ ስለዚህ ሐኪም መርምሮ ይለይ።

አሚትሪፕቲሊን በዚህ ዕድሜ ያዞራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሐሳብ ያደናግራል። አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ቢርስ በ1991 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር አውጥቶ ነበር። በ2023 በታደሰው ዝርዝር ውስጥ ይኸው መድኃኒት አለበት።

ዲክሎፌናኩን ግን ዛሬውኑ ተዉት። ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ከላሲክስ ጋር ሲሆን ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል።

ሌሎቹን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። አምሎዲፒን ካለ ምትክ ቢቆም ግፊቱ ይነሳል። አሚትሪፕቲሊን የሚተወው ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ጠቅልላችሁ ወደ አንድ ሐኪም ውሰዱ። ትራስ ሥር ያለው፣ ጎረቤት «ለእኔ በጅቶኛል» ብላ የሰጠቻቸውም አይቅር። «እብጠቱ ከአምሎዲፒኑ ይሆን?» ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂ፤ አትፈሪ። ሐኪሙ ምንም ሳያዝ አንዱን ቀንሶ ቢሸኛችሁም ባዶ እጃችንን ተመለስን አትበሉ። እኔ ኪኒን ሻጭ ሆኜ ይህን ስል ይገርምሽ ይሆናል። ላሲክሱ ይቀጥል ካለ ግን ጠዋት መዋጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁት።

ሲወድቁ ጭንቅላታቸውን መትቷቸው ከሆነ፣ ወይም ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መፍዘዝ ካለ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው።