ማጣሪያውን ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የግዥ ባለሙያ «አቅራቢያችን የአካባቢ ጥበቃ የምስክር ወረቀቶቹን ሁሉ አሟልቷል፤ ከዚህ በኋላ ምን ልጠይቀው?» ብላ ጻፈችልኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት ተቀመጥኩና አልቻልኩም። ጥያቄዋ ከ20 ዓመት በላይ የሸሸሁትን አንድ ሌሊት ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ ለአንድ ልብስ አምራች ጨርቅ እገዛ ነበር። ከአቅራቢዎቻችን አንዱ የማቅለሚያ ፋብሪካ ነበር። የቀለም ፍሳሹ ወንዝ እንዳይገባ ማጣሪያ ካልተከለ ውል አናድስም አልን፤ ተበድሮ ተከለ። በምረቃው ዕለት ተገኝቼ አጨበጨብኩ። በዓመቱ ውል ለማደስ ስንቀመጥ ግን ዋጋውን 4 በመቶ እንዲቀንስ፣ የ60 ቀኑንም የማስረከቢያ ጊዜ ወደ 45 እንዲያወርድ ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ከየት ላምጣው?» አሉኝ። የድርድር ዘዴ መሰለኝ። ዝምታ ዋጋ እንደሚያስቀንስ ተምሬ ነበርና ዝም አልኩ። ፈረሙ። አለቆቼ አመሰገኑኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የዘገየ ጭነት ለማጣደፍ ሳላሳውቅ በሌሊት ሄድኩ። የማቅለሚያ ማሽኖቹ ሁሉ ይሠራሉ፤ ከማጣሪያው በኩል ግን ድምፅ የለም። ፍሳሽ በረቂቅ ተሕዋስያን በሚጣራበት ገንዳ ውስጥ አየር ሳይቋረጥ መነፋት አለበት፤ ከኤሌክትሪኩም አብዛኛውን የሚበላው ያ መንፊያ ነው። አንድ የሌሊት ሠራተኛ የእጅ ባትሪውን ፍሳሹ ሳይጣራ ወደሚያልፍበት የጎን ቱቦ አበራልኝ። ሰማያዊ ውኃ ይወርዳል። የእኛው ሰማያዊ፣ የዚያ ወቅት ትዕዛዛችን ቀለም። ክሩና ቀለሙ በእኛ መስፈርት የሚገዙ ናቸው፤ የባንኩ ብድር ወር አይጠብቅም። ማንም በማያይበት ሰዓት ሊቆረጥ የሚችለው የመንፊያው መብራት ብቻ ነበር።

ጭነቴን አስጭኜ ተመለስኩ። በሪፖርቱ ላይ «የማጣሪያ ተከላ፦ ተሟልቷል» ብዬ ጻፍኩ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ከዓመታት በኋላ እኚያን ሰው ይቅርታ ልጠይቅ ስፈልጋቸው ፋብሪካው ተዘግቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ያ ሌሊት ተመለሰብኝ። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቷል። በሕንፃው የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን ወደ ሥራ እንዲገቡ ታዘዙ። እዚያ ከነበሩት ፋብሪካዎች መካከል ኦዲት፣ ማለትም የሥራና የአካባቢ ጥበቃ ሁኔታ ፍተሻ፣ የተደረገላቸው ነበሩ። ሬሳ ሲወጣ በቴሌቪዥን እያየሁ የማስበው ስለዚያ የ45 ቀን ቀጠሮ ነበር።

ልጆቼ፣ እናንተ ከእኛ የተሻለ ተምራችኋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን የስኮፕ 3 መለኪያ፣ ማለትም ከድርጅቱ ውጭ በአቅራቢዎቹና በምርቱ ተጠቃሚዎች በኩል የሚለቀቀውን በካይ ጋዝ፣ 15ቱንም ዘርፎች፣ በኮምፒውተር ታሰላላችሁ፤ እኛ የአቅራቢያችንን አቅራቢ ስም እንኳ አናውቅም ነበር። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ፋብሪካን የምታውቁት በስክሪን ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። የመጀመሪያ አለቃዬ የግዥ ትዕዛዝ ከማስፈረማቸው በፊት ሦስት ወር መጋዘን አውለውኝ ነበር። እርጥብ የጨርቅ ጥቅልልን አሽትቶ ማወቅን ያስተማረኝ እዚያ የነበረ ጫኝ ነው። ያኔ ቅጣት መስሎኝ አማርሬአለሁ።

ኦዲትን አላምንም። ቢሆንም አትተዉት፤ ያለ እርሱ ያ ማጣሪያ ጭራሽ አይተከልም ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ የአካባቢ ጥበቃን የሚከታተለው የዘላቂነት ክፍል መጠይቅ በአንድ ፎቅ፣ የዋጋ ሰንጠረዡ በሌላ ፎቅ መሠራታቸው ነው። አቅራቢው የሚታዘዘው ለሰንጠረዡ ነው።

ለወጣቷ እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ የማጣሪያውን የቆጣሪ ንባብ በየወሩ ጠይቂ፤ ከተቀለመው ጨርቅ ሜትር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪው። ጨርቁ ጨምሮ ቆጣሪው ካልጨመረ ሰውየውን ከመክሰስሽ በፊት ባለፈው ድርድር ያስቀነስሽውን ዋጋና ቀን አውጥተሽ እዪ። «ከየት ላምጣው?» ካሉሽ ደግሞ ወንበር ስበሽ አጠገባቸው ተቀመጪና ወጪውን መስመር በመስመር አብራችሁ ቁጠሩት።