ብርሃን በክሪስታል ውስጥ

ጥያቄ፦ ሲናሚክ አሲድ በፈሳሽ ሟሙቶ እያለና በጠጣር ክሪስታልነቱ ሳለ አልትራቫዮሌት ብርሃን ቢያርፍበት ውጤቱ የሚለያየው ለምንድን ነው? (የኬሚስትሪ ተማሪ)

መልስ፦ በፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውሎቹ እንደ ልብ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ብርሃኑ በአብዛኛው የእያንዳንዱን ቅርጽ ከመለወጥ አያልፍም፤ በክሪስታል ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሞለኪውል ቦታውን ይዞ ስለሚቆይ፣ ውጤቱን የሚወስነው የጎረቤቱ ርቀትና አቀማመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በእስራኤል፣ ሬሆቮት በሚገኘው የዋይዝማን ኢንስቲትዩት ጌርሃርድ ሽሚትና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ የሁለት ጎረቤታሞች ጥንድ ቦንዶች (ሁለት ካርቦኖችን በድርብ የሚያስሩ ማያያዣዎች) ትይዩ ሆነው በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ0.42 ናኖሜትር ገደማ ካልበለጠ፣ ሁለቱ ተጣምረው አራት ካርቦን ያለው ቀለበት ይሠራሉ።

አሲዱና ከእሱ የሚገኙ ተዋጽኦዎቹ የሚረጉት በተለያየ የክሪስታል መልክ ነው። በአልፋ ክሪስታል ጎረቤታሞቹ ራስና ግርጌ ሆነው ስለተደረደሩ ትሩክሲሊክ አሲድ የተባለው ባለ ቀለበት ውጤት ይገኛል፤ በቤታ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለዞሩ ውጤቱ ትሩክሲኒክ አሲድ ነው። ለእኔ ይበልጥ አሳማኙ ማስረጃ በአንዳንድ ተዋጽኦዎቹ የሚታየው ጋማ የሚባለው ነው፤ ብርሃኑ ያው ሆኖ ሳለ፣ ርቀቱ ከ0.47 ናኖሜትር ስለሚጀምር ምንም አይፈጠርም።

ክሪስታሉ በሙከራው መካከል ቢሰነጣጠቅብዎ አይደነቁ፤ አዲሱ ሞለኪውል ከአሮጌው ቦታ ጋር በልኩ አይገጥምም። ንጥረ ነገሩ በደካማው የሚውጠውን ረዘም ያለ የሞገድ ርዝመት ቢጠቀሙ ብርሃኑ እስከ ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ ክሪስታሉ ሳይፈርስ ሊለወጥ ይችላል።