ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሲጋርን ቀስ ብሎ ማጨስ ጉዳቱን ይቀንሳል ወይ?

ጥያቄ፦

ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 46 ነው። ለ18 ዓመት ሲጋራ አጭሼ ከአምስት ዓመት በፊት በስንት ትግል አቆምኩ። ከዓመት ተኩል ወዲህ ግን ከጓደኞቼ ጋር ስንገናኝ ሲጋር (በወረቀት ሳይሆን በትንባሆ ቅጠል የሚጠቀለለውን) ማጨስ ጀምሬአለሁ። መጀመሪያ በወር አንድ ነበር፤ አሁን በሳምንት ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ደርሷል። ችግሬ ፍጥነት ነው። ጓደኞቼ አንዱን ሲጋር ከአንድ ሰዓት በላይ ሲያቆዩት እኔ በ35 ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጨርስ ስል ላብ አጠመቀኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ልቤም በኃይል ይመታ ጀመር። «ፊትህ አመድ መስሏል» አሉኝ። በደቂቃ ከአንድ ጊዜ በላይ አትሳብ፣ ሳትበላም አታጭስ ብለው መከሩኝ። ልክ ናቸው? ጭሱን ወደ ውስጥ ስለማልስበው (አንዳንዴ ቢያመልጠኝም) ሲጋር ከሲጋራ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ተሳስቻለሁ? ያላለቀውን አጥፍቼ በማግስቱ እለኩሰዋለሁ፤ ሥራ ላይ ስሆን ደግሞ ሳልለኩሰው አፌ ውስጥ እይዘዋለሁ። የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ። በነገራችን ላይ፣ ከሁለት ወር ወዲህ ድምፄ ጎርነን ብሏል፤ ጉንፋን ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ። «በነገራችን ላይ» ብለው ጣል ስላደረጓት ነገር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። እዚያ ሳይደርሱ ማንበብ እንዳያቆሙ አደራ።

ያን ዕለት የደረሰብዎ ነገር ቀለል ያለ የኒኮቲን መመረዝ ነው። ላቡ፣ የፊት መገርጣቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ የልብ ምቱ፣ አፍ ምራቅ በምራቅ መሆኑ ሁሉም የእሱ ምልክቶች ናቸው። ለ18 ዓመት ሲጋራ ያጨሰ ሰው እንዴት በአንድ ሲጋር እንዲህ ይሆናል ብለው ተገርመው ይሆናል። ሲጋርና ሲጋራ በስም የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው አንዱን የሌላው ታላቅ ወንድም ያደርገዋል። ወደ ሰውነት የሚገቡበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

የሲጋራ ጭስ ወደ አሲድነት ያደላል። በእንዲህ ያለ ጭስ ውስጥ ያለ ኒኮቲን በአፍ ሽፋን በኩል ወደ ደም መግባት ይቸግረዋል፤ አጫሹ ወደ ሳንባው ካልማገው የሚፈልገውን አያገኝም። የሲጋር ቅጠል ግን ለረጅም ጊዜ እንዲብላላ ተደርጎ ነው የሚዘጋጀው፤ ጭሱም የአሲድ ተቃራኒ፣ ማለትም አልካላይን ነው። አልካላይን በሆነ ጭስ ውስጥ ያለው ኒኮቲን የጉንጭንና የምላስን ሽፋን በቀላሉ ያልፋል። «ወደ ውስጥ አልስበውም» ሲሉኝ አምንዎታለሁ፤ ነገር ግን ኒኮቲኑ ሳንባዎን አይጠብቅም፣ በጉንጭዎ በኩል ገብቷል።

መጠኑም ሌላ ነው። አንድ ሲጋራ ውስጥ ያለው ትንባሆ አንድ ግራም አይሞላም። ትልልቆቹ ሲጋሮች ከ5 ግራም ይጀምሩና እስከ 20 ግራም ገደማ ይደርሳሉ፤ አንዱ ብቻውን የአንድ ፓኮ ሲጋራ ትንባሆ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። በአንድ ትልቅ ሲጋር ውስጥ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ማግኘት የተለመደ ነው። በእርግጥ ሁሉም ወደ ሰውነት አይገባም፤ ምን ያህሉ እንደሚገባ የሚወስነው አጫሹ የሚስብበት ፍጥነት፣ ጭሱን አፉ ውስጥ የሚያቆይበት ጊዜና የሚተወው ቁራጭ ርዝመት ነው።

ፍጥነትዎ ከየት እንደመጣ ልገምት። አንድ ሲጋራ በአምስት ደቂቃ ገደማ፣ አሥር ጊዜ ያህል ተስቦ ያልቃል፤ በየግማሽ ደቂቃው አንዴ መሆኑ ነው። እጅዎና ከንፈርዎ ይህንን ምት ለ18 ዓመት ተለማምደውታል። አሁን ሲጋር ሲይዙም ምቱ ያው ነው። ሲጋራ ላይ ግን ይህ ምት ልጓም ነበረው፤ በሳንባ የገባ ኒኮቲን በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ አንጎል ስለሚደርስ «በቃኝ» የሚለው ስሜት ቶሎ ይመጣል። በአፍ የሚገባው ዘገምተኛ ነው። አንጎልዎ እስኪነግርዎ ድረስ ገና አልጠገብኩም ብለው ደጋግመው ይስባሉ። ማቅለሽለሹ ሲጀምር ሲጋሩን ቢያስቀምጡት እንኳ በአፍዎ ሽፋን ያለውና ከምራቅ ጋር የተዋጠው ገና መንገድ ላይ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው ሲጋሩን ካጠፋ በኋላ የሚብስበት። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያው ምሽት ሁለተኛ የሚለኩስ ሰው በፊተኛው ላይ እየደረበ ነው።

እንግዲህ ጓደኞችዎ ልክ ናቸው? ስለ ማቅለሽለሹ ከሆነ፣ አዎ። በደቂቃ አንዴ፣ ቢቻል ከዚያም አራርቆ መሳብ የሚገባውን ኒኮቲን ይቀንሳል፤ ጫፉም ከመጠን በላይ ስለማይግል ጭሱ አይመርም፣ ምላስም አያቃጥልም። በባዶ ሆድ አለማጨስም ጥሩ ነው። ምግብ ኒኮቲንን አያረክስም፤ ሆድ ሲሞላ ግን ማቅለሽለሹን መቋቋም ይቀላል። ውሃ አጠገብዎ ያኑሩ። ጭስ ሲጓዝ ያልነደደው ቅጠል ላይ ኒኮቲንና ሬንጅ እያስቀመጠ ስለሚሄድ የመጨረሻው ሲሶ ከሁሉም ይከብዳል፤ እዚያ ሳይደርሱ ይተዉት። ለከፈልኩበት ገንዘብ ብለው እስከ ጣት ድረስ የሚያጨሱ ሰዎች አውቃለሁ፤ አዳራቸውን ሲያስታውኩ ያደሩም አሉባቸው። ካቅለሸለሸዎ ንጹሕ አየር ወዳለበት ወጥተው ይቀመጡ፣ ካዞረዎ በጎንዎ ይተኙ፣ ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጠጡ። ትውከቱ አላቋርጥ ካለ፣ ራስዎን ከሳቱ ወይም ደረትዎን ከጨመደደዎ ግን ይህ የቤት ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ያንን ምሽት በሰላም ስለማሳለፍ ነው። እርስዎ የጠየቁኝ ግን ሌላም ነገር አለ፤ ይሻላል ወይ ነው ያሉት። እዚህ ላይ ፍጥነትን መቀነስ ብዙም አይረዳዎትም።

ቅጠሉ ሲብላላ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ፤ ከሲጋራ ይልቅ በሲጋር ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። መጠቅለያው እንደ ሲጋራ ወረቀት አየር ስለማያሳልፍ ትንባሆው በደንብ አይነድም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይጨምራል። ዝግ ክፍል ውስጥ አጭሰው ሲወጡ ራስዎን የሚያምዎት ከሆነ አንዱ ተጠያቂ እሱ ነው፤ አጠገብዎ የተቀመጠው የማያጨስ ሰውም ያንኑ ይተነፍሳል። በ35 ደቂቃም አጨሱት በ75፣ ጭሱ የሚያርፈው እዚያው ምላስ፣ ላንቃ፣ ድድና ጉሮሮ ላይ ነው። ቀስ ሲሉ የሚቀንሰው ኒኮቲን ነው፤ አፍዎ ከጭሱ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ግን ይረዝማል። «ቀስ ብዬ ስለማጨስ አይጎዳኝም» የሚሉኝ ታካሚዎች ሁለቱን ነገር እያምታቱ ነው።

ወደ ውስጥ አለመሳብ ግን ለውጥ የለውም አልልም፤ አለው። ጭሱን የማይስቡ የሲጋር አጫሾች በሳንባ ካንሰርና በሳንባ መታፈን በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሲጋራ አጫሾች ያነሰ ነው። ከማያጨስ ሰው ጋር ሲነጻጸር ግን አሁንም ከፍ ያለ ነው፤ በአፍ፣ በጉሮሮና በምግብ ቧንቧ ካንሰር ላይ ደግሞ በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ከሲጋራ አጫሹ ብዙም አይርቅም። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ሰፊ ጥናት መሠረት በቀን አንድ ወይም ሁለት ሲጋር ማጨስ በአፍና በምግብ ቧንቧ ካንሰር የመያዝ ዕድልን ከማያጨስ ሰው በእጥፍ ያደርገዋል። ታዋቂውን የሥነ አእምሮ ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድን ያስታውሱታል፤ ሲጋር ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ላንቃው ላይ ካንሰር ተገኘበት። ከ30 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሐኪም ሆኖ፣ ምክንያቱንም እየተነገረው ማጨሱን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1939 አረፈ። ያንን ሰው አላዋቂ ልንለው አንችልም።

ከእርስዎ ደብዳቤ ደግሞ በቅንፍ ያስገቧት «አንዳንዴ ቢያመልጠኝም» አሳስባኛለች። ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ የሲጋር አጫሾች ብዙውን ጊዜ አይስቡም፤ ጭሱ ከብዶ ያስላቸዋል። ቀድሞ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ግን ሳያውቀው ይስባል፣ ሳንባው ለምዷልና። ስለዚህ «ሲጋር አጫሾች» ተብሎ ስለ ሳንባ የሚነገረው የሚያጽናና ቁጥር እርስዎን በትክክል አይመለከትም። ጨዋታ ሲደራ ወደ ውስጥ ይስቡ እንደሆነ ጓደኞችዎን ይጠይቋቸው። ሰው የራሱን ትንፋሽ አይቆጥርም።

ሳይለኩሱ አፍ ውስጥ መያዝ ጭስ ስለሌለው ምንም የለውም ያሉ ይመስለኛል። ቅጠሉ በምራቅ ሲርስ ኒኮቲኑም ካንሰር አምጪዎቹም ይወጣሉ፤ ከፊሉ በጉንጭ ይገባል፣ ከፊሉን ይውጡታል። ትንባሆ ማኘክ ከሚባለው ብዙም አይለይም። ይህንን ዛሬውኑ ይተዉት፤ ምንም የሚያጓድልብዎ ነገር የለም። በማግስቱ የሚለኩሱት ቁራጭም ሬንጅ የተጠራቀመበት ስለሆነ ከፊተኛው የከረረ ነው። ቁራጩን የትም አያስቀምጡ፤ ሕፃን ልጅ አፉ ቢያስገባው በኒኮቲን ክፉኛ ሊመረዝ ይችላል።

ስለ ደም ግፊትዎ፦ ኒኮቲን ለጊዜው የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ክኒኑ ወደ ታች ሲጎትት ሲጋሩ ወደ ላይ ይስባል። ግፊትዎን ሲለኩ ካጨሱ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆዩ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ሐኪምዎን ያሳስትና የማያስፈልግ መድኃኒት ይጨመርልዎታል። ማጨስዎንም ይንገሩት። ብዙ ሰው «ያጨሳሉ?» ሲባል ሲጋራ ብቻ መስሎት «አቁሜአለሁ» ብሎ ያልፋል። ስለ መጠጥ አልጠየቁኝም፤ ሲጋር የሚያጨሱት እየጠጡ ከሆነ ግን አልኮልና ትንባሆ ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባዛል። ከፍጥነትዎ ይልቅ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግዎን ይተዉት ብል ይቀለኛል።

እኔን ከደቂቃዎቹ በላይ የሚያስጨንቀኝ የሳምንቱ ቁጥር ነው። ከወር አንድ ወደ ሳምንት አራት በዓመት ተኩል። ሥራ ላይ ሳይለኩሱ መያዙንም ሲጨምሩበት፣ ይህ የጓደኛ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ከአምስት ዓመት በፊት ያሸነፉት ሱስ በሌላ በር ተመልሶ መግባቱ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ለሁለት ሳምንት ሙሉ ይተዉት፤ ቁራጩንም ጨምሮ። በሦስተኛው ቀን ቁጣና እንቅልፍ ማጣት ከመጣ መልሱን አግኝተዋል ማለት ነው። ያኔ በጉልበት ብቻ አይታገሉት። የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ፣ ሐኪም የሚያዝዛቸው ክኒኖችም አሉ፤ የግፊት ታካሚ ስለሆኑ የሚስማማዎትን ሐኪምዎ ይምረጥልዎ። አንዴ አቁመው ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ ምን እንደረዳዎት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያስታውሱታል።

አሁን ወደ ድምፅዎ።

ጉንፋን ሁለት ወር አይቆይም። ትንባሆ በሚጠቀም ሰው ላይ ከሦስት ሳምንት ያለፈ የድምፅ መጎርነን፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ የድምፅ አውታሮቹ በዓይን መታየት አለባቸው። ካንሰር አለብዎት ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በጭስ የተቆጣ አውታር፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ ወይም ትንሽ እብጠት ነው። ነገር ግን የድምፅ አውታር ካንሰር ቶሎ ሲደረስበት ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው፤ ቶሎ የሚደረስበትም ገና በትንሽነቱ ድምፅን ስለሚለውጥ ነው። በዚህ ሳምንት ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይሂዱ። በአፍንጫ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብተው ያዩታል፤ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፣ ትንሽ ይከረክራል እንጂ አያምም። አፍዎንም እንዲያዩልዎ ይጠይቁ፤ በምላስ ጎንና ሥር፣ በጉንጭ ውስጥ ነጭ ወይም ቀይ ነገር፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ አንገት ላይም እብጠት ካለ። ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ ሲጋሩን ቀስ ብለውም ሆነ ፈጥነው አያጭሱት።