ከግንባር ወደ ሞፈር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም መልስ የሰጠንባቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች የመጡት ጦርነት ካለፈባቸው የጎንደር ገበሬዎች ቤት ነው።

ጥያቄ፦ «በ1991 ዓ.ም. ለባድመ ጦርነት ዘምቼ በዚያው በሠራዊቱ ውስጥ ቆየሁ። አሁን በጡረታ ተሰናብቼ አገሬ ደምቢያ ገብቻለሁ። ከአባቴ የወረስኩት አራት ጥማድ ዋልካ መሬት አለኝ። ለዘመድ በእኩል ሰጥቼው ነበር፤ እሱ ከተማ ከገባ ወዲህ ግን ሦስት ዓመት ጦሙን አድሮ ሰርዶ ወርሶታል። ያለኝ አንድ በሬ ነው። ለመጪው ክረምት ጤፍ ልዘራበት አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ ጤፉን ለከርሞ ያቆዩት። የጤፍ ቡቃያ ቀጭንና ደካማ ስለሆነ ሰርዶ ባለበት ማሳ ታፍኖ ይቀራል። አምስት ጊዜ አርሼ አጠፋዋለሁ ብለው ከሆነም፣ በዝናብ ወቅት የታረሰ ሰርዶ አይሞትም። ማረሻው የቆራረጠው ሥር እርጥብ አፈር ሲያገኝ በየአንጓው ያቆጠቁጣል፤ አንዱ ሰርዶ አሥር ሆኖ ይነሳል።

ሰርዶን የሚገድለው ፀሐይ ነው። ስለዚህ ገመሳውን (የመጀመሪያውን እርሻ) ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ዋልካው ደርቆ ሳይሰነጠቅ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያድርሱት። ጊዜው መድረሱን ለማወቅ አንድ ስንዝር ቆፍረው አፈሩን በእጅዎ ይጨብጡት። እንደ ሊጥ ከተድቦለቦለ ገና ነው፤ ድግሩ ላይ እየተለጠፈ በሬዎቹን ይገድላል። ጨብጠው ሲለቁት ፍርክስክስ ካለ ጊዜው ነው። ካለፈ ደግሞ ማረሻው እየነጠረ ጓል ብቻ ይፈነቅላል፣ ሞፈርም ይሰበራል። የመጀመሪያውን ዙር ጠለቅ ላድርገው አይበሉ፤ ሥሩን ገልብጦ ለፀሐይ ማሳየት ይበቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አፈሩ አሁንም የሚታረስ ከሆነ በመስቀለኛ ይድገሙት፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከታረሰ በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል፣ ሰርዶም የሚተርፈው እዚያ ነው። የተነቀለውን ሥር በመንሽ ሰብስበው ከማሳው ያውጡት። ዳር ላይ አይከምሩት፤ ተመልሶ ይገባል።

በግንቦትና በሰኔ ዝናብ እንደገና ካቆጠቆጠ ግላይፎሴት (ብዙዎች ራውንድአፕ የሚሉት) ሊያግዝዎት ይችላል። ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 1 ሊትር ገደማ ነው፤ በ15 ሊትር መርጫ 300 ሚሊ ሊትር አካባቢ ማለት ነው። ያም ሆኖ ዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን አስነብበው ይከተሉ። መድኃኒቱ የማይሠራበት ዋናው ምክንያት ውኃው ነው፤ ከቦይ የተቀዳ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ያለው ጭቃ መድኃኒቱን ይይዘውና ከንቱ ያደርገዋል። ንጹሕ ውኃ ይጠቀሙ፤ ሰርዶው ለምልሞ ሳለ፣ ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ዝናብ በማይጠበቅበት ጠዋት ይርጩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳያርሱ ይቆዩ፣ ከብትም አያስገቡ።

የመጀመሪያው ዓመት ዘር ሽምብራ ይሁን። ደምቢያ ለሽምብራ የተፈጠረ አገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋልካው የያዘውን ውኃ እስከ ጥር ያጠጣዋል፤ ዘግይቶ ስለሚዘራም ክረምቱን ሙሉ አረም ለመግደል ጊዜ ያገኛሉ። የሚዘራው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ውኃ ሳይጠነፍፍ ከተዘራ ሥሩ ይበሰብስና ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ይደርቃል። ከዘገየ ደግሞ ፍሬ ሊይዝ ሲል እርጥበቱ ያልቅበታል። ለአንድ ጥማድ እንደ ፍሬው መጠን ከ25 እስከ 35 ኪሎ ዘር ይበቃል። በመስመር ከዘሩት በመስመሮቹ መካከል 30፣ በተክሎቹ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይተዉ።

ሦስት ዓመት ጥራጥሬ ያላየ መሬት ስለሆነ የባክቴሪያ ማዳበሪያውን አይለፉት፤ 125 ግራሙ ፓኬት ለአንድ ጥማድ ነው። ዘሩን ስኳር በተበጠበጠበት ጥቂት ውኃ አርሰው፣ ጥላ ሥር ዱቄቱን አሽተው በዚያው ቀን ይዝሩትና ወዲያው አፈር ያልብሱት። ባክቴሪያው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ወይም ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ ከተደባለቀ ይሞታል። በኅዳር አበባ ሲይዝ ጠዋት ጠዋት ጓይ ትል ይፈልጉ። ቆባው ተበስቶ ካገኙት ጊዜ ሳይሰጡ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩ።

ለበሬው መቀናጆ ይፈልጉ፤ ቀን በቀን መሆኑንና ድርቆሹን ማን እንደሚያቀርብ ከወዲሁ ይነጋገሩ። ጥቅምት ላይ ባለ አንድ በሬ ሁሉ ጓደኛ ይፈልጋልና አይዘግዩ። ከሁሉ በፊት ግን የይዞታ ደብተርዎን ይዘው ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ይሂዱና፣ ወሰንተኞች ባሉበት ድንበሩን ያስለዩ። ጦሙን ያደረ ማሳ ድንበሩ ይገፋል። ከእንግዲህ ለእኩል የሚሰጡ ከሆነም ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፤ ዘመድ ነው ብለው አይተዉት።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ በጾረና ግንባር ፈንጂ ረግጠው አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል። በሰው ሠራሽ እግር ያርሳሉ፣ ያርማሉ። ክረምት በገባ ቁጥር ግን የተቆረጠው ቦታ እየተላጠ ሳምንት ሁለት ሳምንት ያስተኛቸዋል። ምን ባደርግ ይሻላል?» (ከወገራ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቆዳውን የሚልጠው እርጥበትና መላላት ሲገናኙ ነው። ላብና ጭቃ ካልሲውን ያርሱታል፤ ከተቆረጠው የተረፈው እግርም በሥራ ብዛት ቀን ላይ እየሟሸሸ ስለሚሄድ ፕላስቲኩ ውስጥ ይላወሳል። ማሳ ሲወርዱ ሁለት ሦስት ደረቅ የጥጥ ካልሲ በፌስታል ጠቅልለው ይያዙላቸው። እኩለ ቀን ላይ ሰው ሠራሹን እግር አውልቀው፣ አድርቀው ካልሲ ይቀይሩ፤ ላላ ካለ አንድ ይደርቡ። ካልሲው ሲለበስ እጥፋት አይኑረው፤ አንዲት እጥፋት ብቻዋን ታቆስላለች።

ከተቆረጠው የተረፈውን እግር በሳሙና የሚያጥቡት ማታ ይሁን። ጠዋት የታጠበ ቆዳ እርጥበት ይዞ ስለሚያብጥ ቶሎ ይፋቃል። የፕላስቲኩንም ውስጡን ማታ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው ክፍቱን ያሳድሩት፤ እሳት ዳር ግን አያስጠጉት፣ ቅርጹ ይለወጣል። እግሩ ሲወልቅ የሚታየው ቅላት በሃያ ደቂቃ ካልጠፋ በማግስቱ አያጥልቁት። በቁስል ላይ አጥልቆ ማረስ ጀግንነት አይደለም፤ የሁለት ቀኑን ዕረፍት የሁለት ወር ያደርገዋል። ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።

ካልሲ እየደረቡም ከላላ፣ እግሩ መለካትና መቀየር ስላለበት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወደሚገኘው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ይሂዱ። ከክረምቱ በፊት፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ቢሆን ይመረጣል፤ ሥራ ይቀላል፣ መንገዱም ደረቅ ነው። የክረምቱን እርሻ ደግሞ በወንፈል ይካፈሉት፤ እሳቸው ዘር መምረጥን፣ መውቃትንና አውድማውን ይዘው ለእርሻው ቀን በቀን ቢመልሱ ማንም ቅር አይለውም።

ጥያቄ፦ «ከጦርነቱ ወዲህ ያልታረሰ ማሳ ስገምስ ማረሻው ጭራ ያለው ብረት አወጣ። የጎረቤት ልጅ ለቁራሊዮ ልሽጠው ይላል።» (ከዳባት)

መልስ፦ ማንም እንዳይነካው! ጭራ ያለው ብረት ያልፈነዳ የሞርታር ጥይት ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ውጊያ ስለነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ባልታረሰ ማሳ እንዲህ ያለ ነገር መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። ዝጎ ማርጀቱ አያዘናጋችሁ፤ ዝገት ይበልጥ አደገኛ ያደርገዋል። በማረሻ ተመትቶ ያልፈነዳ ሲያነሱት ሊፈነዳ ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በሬዎቹን አቁመው፣ በመጡበት በታረሰው ትልም ወደ ኋላ ይውጡ፤ ባልታረሰው በኩል አይዙሩ። ራቅ ብለው በሚታይ ቦታ ድንጋይ ይከምሩ ወይም እንጨት ተክለው ቀይ ጨርቅ ይሰሩበት። አፈር አያልብሱት፣ ውኃ ውስጥ አይጣሉት፣ በአካባቢው ገለባም ሆነ አረም አያቃጥሉ። ለቀበሌው ሚሊሻ ወይም ለፖሊስ ያመልክቱ፤ እስኪነሳ ድረስ ማሳው ሙሉ በሙሉ ይቁም፣ አንድ ከተገኘ ሌላም ሊኖር ይችላልና። እረኞቹን ዛሬውኑ ሰብስበው ቦታውን ከሩቅ ያሳዩአቸው፤ ከብት ወደዚያ ቢሄድ እንኳ ተከትለው እንዳይገቡ ይንገሯቸው።